749 ሲባዛ በ867፦ ማንበብ የተሳነው ልጅና በወረቀት ላይ የሰፈረው ችሎታው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1896 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው ፕሪንግል ሞርጋን ይባላል፤ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ በምትገኘው በሲፎርድ የሚሠራ ሐኪም ነው። የጻፈውም ፐርሲ ኤፍ. ብሎ ስለጠራው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በትምህርት ቤትም በአስጠኚም ሲማር ቆይቷል፤ ንባብ እንዲገባው ብዙ ተደክሞለታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ተለፍቶ ግን ባለ አንድ ክፍለ ቃል አጫጭር ቃላትን እንኳ ፊደል በፊደል እየቆጠረ በመከራ ነበር የሚወጣቸው።

በዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማሰብ ሳይቸግር ማንበብና መጻፍ በሚከብድበት ችግር ታሪክ ውስጥ ይህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀዳሚነቱ ነው። ከዚያ በፊት «የቃል ዕውርነት» የሚባለው ነገር የሚታወቀው ቀድሞ ያነቡ በነበሩና አንጎላቸው ተጎድቶ ንባብ በጠፋባቸው ዐዋቂዎች ላይ ነበር። ስያሜውን ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1877 አወጣው፤ «ዲስሌክሲያ» የሚለውን ቃል ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን በ1887 ጻፈው። ሞርጋን ብዕሩን እንዲያነሳ ያደረገው የግላስጎው የዓይን ሐኪም ጄምስ ሂንሸልዉድ በ1895 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሞርጋን የጨመረው አዲስ ነገር፣ ችግሩ ምንም ጉዳት ባልደረሰበት ልጅ ላይ ከልደት ጀምሮ ሊኖር እንደሚችል ማሳየቱ ነው።

እኛ ወደ ጉዳዩ የምንመለሰው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሞርጋን ልጁ የማይችለውን በጻፈበት ገጽ ላይ የሚችለውንም በቁጥር አስፍሯል። ዛሬ በየቦታው በሚጻፉ የምርመራ ወረቀቶች ላይ እንኳ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በወረቀቱ ላይ የሰፈረው

ልጁ ሁሉንም ፊደላት ያውቃል፤ ያነባቸዋል፣ ይጽፋቸዋል። አባቱ ለሞርጋን እንደነገረው ይህም በቀላሉ የመጣ አልነበረም፤ ፊደላቱን ጭራሽ አይለይም ብለው ተስፋ እስኪቆርጡ ድረስ ነበር የለፉት። የዓይኑ እይታ ደህና ነው። የልጆች መጽሐፍ ሲሰጠው ከጥቂት ትንንሽና ተደጋጋሚ ቃላት በስተቀር ምንም ማንበብ አልቻለም፤ የቀሩት ቃላት ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቅ ይመስሉ ነበር። የገዛ ስሙን ሲጽፍ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፊደል አቀያይሮ «ፐርሲ»ን «ፕሬሲ» አደረገው። ስህተቱንም ያየው ከአንድ ጊዜ በላይ ከተነገረው በኋላ ነው።

ከዚያ ሞርጋን ወደ ቁጥር ዞረ። 785852017 የሚለውን ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ልጁ ቶሎ አነበበው። የኤ ሲደመር ኤክስና የኤ ሲቀነስ ኤክስ ብዜት፣ የኤ ካሬ ሲቀነስ የኤክስ ካሬ መሆኑን በትክክል ሠራ። 749ን በ867 ፈጥኖ አባዛ፤ መልሱ 649383 ነው። አራትን በግማሽ ማባዛት ግን አቃተው። ሒሳብ እንደሚወድና እንደማይከብደው ተናገረ፤ የታተመም ሆነ የተጻፈ ቃል ግን ለእሱ ምንም ትርጉም እንደሌለው አስረዳ።

ለዓመታት ያስተማረው መምህርም ተጠይቋል። መምህሩ የሰጠው ምስክርነት፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልኁ እሱ ይሆን ነበር የሚል ነው።

ሞርጋን በትክክል ያደረገው

ሞርጋን ጽሑፍን ከፈተናው ውስጥ አወጣ። አንድ ሰው የሚችለውን በጽሑፍ በኩል ብቻ ከጠየቅነው፣ የምንለካው ዕውቀቱን ከንባቡ ጋር አባዝተን ነው፤ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ብዜቱ ሁሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሞርጋን ያንኑ ልጅ በአኃዝ ጠየቀው፣ በንግግር ጠየቀው፣ በየቀኑ የሚያየውን ሰው ጠየቀ። በሦስቱም መንገድ የወጣው ልጅ መጽሐፉን ይዞ ከተቀመጠው ልጅ ጋር አንድ አይመስልም።

ሌላው ቁም ነገር ትክክለኛነቱ ነው። «ሒሳብ ጎበዝ ነው» ብሎ አላለፈም። የትኛውን ስሌት እንደሠራና የትኛው እንዳቃተው ጎን ለጎን ጻፈው። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርን በባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር የሚያባዛ ልጅ አራትን በግማሽ ማባዛት ካቃተው፣ ለሒሳብ መምህሩ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም፤ ክፍልፋይ ላይ ቆም በል፣ የብዜት ሠንጠረዥ ላይ ጊዜህን አታጥፋ ማለት ነው። ጥንካሬ ሲመዘገብ እንደ ሙገሳ ከተጻፈ ማንም አይጠቀምበትም። እንደ ልኬት ከተጻፈ ግን ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ሁሉ የተሸሸገ ልዩ ተሰጥዖ አለው የሚለው አባባል ደግነት ቢኖረውም ልጆችን ይጎዳል። በቦታና በቅርጽ ችሎታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ወደ አንድ አቅጣጫ አያመለክቱም፤ አንዳንዶቹ ብልጫ አግኝተዋል፣ ሌሎቹ አላገኙም። የተረጋገጠው ነገር ከዚህ ያነሰ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ትልቅ ነው፦ ቃላትን የማንበብ ችግር ብቻውን አንድ ሰው ማሰብ፣ ማስላት ወይም ማስረዳት አይችልም አያሰኝም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ጥንካሬ ለብቻው መፈለግ አለበት። ሥዕል ወይም ሒሳብ አይችልም ተብሎ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ እንደወደቀ ሊሰማው አይገባም።

ስህተቶቹን ስናነባቸው

ሞርጋን ለልጁ ስድስት ነጠላ ቃላት አጽፎታል፦ ሶንግ፣ ሰብጀክት፣ ዊዝአውት፣ ኢንግሊሽ፣ ሺሊንግ፣ ሲሾር። ስድስቱም ተሳስተዋል። በተለመደው የዲክቴሽን አስተራረም ውጤቱ ከስድስት ዜሮ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ስድስት ኤክስ።

አሁን ያንኑ ወረቀት ፊደል በፊደል እንቁጠረው። ስድስቱ ቃላት በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በድምሩ 41 ፊደላት አሏቸው። ልጁ ከጻፋቸው ውስጥ በትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገኙት 27 ናቸው። ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ማለት ነው። ኢንግሊሽ የሚለው ቃል የጎደለው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ዊዝአውት የሚለው የተሳሳተው በአንድ ፊደል ነው። በሲሾር ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል፣ ባሕር ማለት የሆነው፣ የማይነበበው ፊደል እንኳ ሳይቀር በትክክል ተጽፏል። ያ ክፍል በጆሮ ብቻ ሊጻፍ አይችልም፤ ልጁ የቃሉን መልክ በከፊል ይዞታል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ስህተቶቹ የት እንደወደቁ ነው። በእንግሊዝኛ የ«ሽ» ድምፅ የሚጻፈው በሁለት ፊደላት፣ በኤስና በኤች ነው። ይህ ድምፅ በሺሊንግ መጀመሪያ ላይ፣ በሲሾር መሀል፣ በኢንግሊሽ መጨረሻ ላይ አለ። ልጁ በሦስቱም ቦታ ኤስን ብቻ ጽፎ ኤችን ተወ። በዊዝአውት ደግሞ ቲ እና ኤች አንድ ላይ የሚሰጡትን ድምፅ በሲ እና በኤች ጻፈው። እንግዲህ ልጁ እንደመጣለት የሚጽፍ ሰው አይደለም። ወጥ የሆነ ሕግ አለው፤ ሕጉም «ለሽ ድምፅ አንድ ፊደል ይበቃል» የሚል ይመስላል። ሕጉ የተሳሳተ ነው፣ ግን ሕግ ነው። ወጥ ስህተት የሚሠራ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚማር የታወቀ ልጅ ነው።

በዓረፍተ ነገር ደረጃም እንዲሁ ነው። ገመዱን እንዝርቱ ላይ በጥንቃቄ ስለ መጠቅለል በተነበበለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በአጫጭሮቹ ቃላት ተነባቢዎቹ በአብዛኛው ቆመዋል፤ የተናጋው የአናባቢው ቦታ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። በፊደላችን አናባቢው የሚታየው በቅርጽ ለውጥ ስለሆነ የስህተቱ መኖሪያም እዚያው ነው፦ «ቡ»ን «ቢ» ማድረግ፣ ካዕቡን በሣልስ መለወጥ፣ ቅጥያዋ መሀል ላይ ትሁን ግርጌ ላይ መርሳት። ስለዚህ በአማርኛ ሲታረም ተነባቢው የተሳሳተበትንና ተነባቢው ትክክል ሆኖ አናባቢው ብቻ የተሳሳተበትን በተለያየ ዓምድ መመዝገብ ይገባል፤ ሁለቱ የሚጠይቁት ትምህርት የተለያየ ነውና። ሌላም አለ። ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም። «ገና» ላልቶም ጠብቆም በአንድ መልክ ይጻፋል፤ አንባቢው የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ቃሉ ላይ ሲደርስ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ከአእምሮው ይጠፋበታል፣ ስለዚህ በተሳሳተ ድምፅ ያነበዋል። ይህን እንደ ግድየለሽነት የሚቆጥር መምህር ብዙ ነው። ድምፅና ፊደል በሚስማሙባቸው እንደ ጣሊያንኛና ፊንላንድኛ ባሉ ቋንቋዎች ዲስሌክሲያ በስህተት ብዛት ሳይሆን በዝግታ ጎልቶ እንደሚታይ ይታወቃል፤ በትክክል ግን በጣም ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ሊታለፍ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሞርጋን የሳተው

ሞርጋን ችግሩን የቃላትን መልክ የማስታወስ ጉድለት አድርጎ ተረዳው፤ መንስኤውንም በአንጎል ግራ ክፍል ባለ አንድ አካባቢ እድገት ላይ ጣለው። የግራውን ክፍል መጥቀሱ ከዛሬው ዕውቀት ብዙ አይርቅም። ዋናው ችግር ግን በአብዛኛው የእይታ ትውስታ አይደለም፤ በንግግር ውስጥ ያሉትን ነጠላ ድምፆች ለይቶ መያዝና ከፊደል ጋር ማጣመር ነው። በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስ መሆኑም በኋላ ታውቋል። የዓይን በሽታ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ቀለም መነጽርም ሆነ የዓይን ልምምድ ንባብን አያስተካክልም።

ከዚህ የባሰው ክፍተት በተግባር በኩል ነው። መምህሩ «በቃል ብቻ ቢሆን» ያለው ዓረፍተ ነገር እንደ አስተያየት ተመዝግቦ ቀረ፤ ጽሑፉ የማስተማሪያ እቅድ የለውም። ጥንካሬው ታይቷል፣ አልተሠራበትም። ብዙ ጉዳዮች እስከ ዛሬ የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው።

ፍተሻውን ዛሬ መድገም

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንና ጆሮ ይመርመሩ። ከዚያ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በጠዋት፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ የደከመ ልጅ የሚሰጠው ውጤት ስለ ድካሙ ይናገራል።

ከልጁ የክፍል ደረጃ ጋር የሚመጣጠኑ ሁለት ምንባቦች ይዘጋጁ፣ እያንዳንዳቸው ከ150 እስከ 200 ቃላት። አንዱን ፈታኙ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ሌላውን ልጁ ራሱ ያነባል። በሁለቱም ላይ አምስት አምስት ጥያቄ በቃል ይጠየቃል፣ በቃል ይመልሳል። በጆሮው ከአምስት አምስት፣ በዓይኑ ከአምስት አንድ ካገኘ፣ ያ የአራት ነጥብ ልዩነት በጽሑፍ ምክንያት የሚጠፋው ዕውቀት ነው። በሁለቱም ዝቅ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የቋንቋ መረዳት ችግር ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል።

በሒሳብም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ዓይነት ጥያቄ በሦስት መልክ ይቅረብ፦ በአኃዝ ብቻ፣ በቃል የተነገረ ታሪክ ሆኖ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ታሪክ ሆኖ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሠርቶ በሦስተኛው የሚወድቅ ልጅ ሒሳብ አላቃተውም። በዚህ ክፍል የሚሠራው ትልቁ ስህተት ልጁ ጥያቄውን ሊረሳ እንደሚችል መዘንጋት ነው። የተነገረው ታሪክ ሁለት ጊዜ ይደገምለት፣ ቁጥሮቹን ብቻ ወረቀት ላይ እንዲይዝ ይፈቀድለት።

ዲክቴሽኑ ከ15 እስከ 20 ቃል ይበቃዋል፤ ሲታረም ቃል ሳይሆን ፊደል ይቆጠር። እጅ የሚሠራበትን ነገርም አይዝለሉ፦ የተበታተነ ዕቃ መግጠም፣ የክፍሉን ንድፍ ከላይ ሆኖ እንደሚታይ መሣል፣ የጨዋታ ሕግ ለሌላ ሰው ማስረዳት። በመጨረሻ ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ማንበብና መጻፍ በሌለበት ሰዓት ይህ ልጅ ምን ሲያደርግ ታየዋለህ? መልሱ «ታታሪ ነው» የሚል ከሆነ እንደገና ይጠየቅ። ታታሪነት በተግባር የሚታይ ነገር አይደለም፤ ምን ሲያደርግ እንደታየ ይነገር።

በክፍል ፊት ጮክ ብሎ ማስነበብ የፍተሻው አካል ሊሆን አይገባም። ከዚያ የሚገኘው መረጃ ስለ ኀፍረት ነው።

ጥንካሬውን ለንባቡ ማዋል

እንደ ፐርሲ ላለ ልጅ ሁለት መስመር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የመጀመሪያው ዕውቀቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ታሪክም ሳይንስም በጆሮው ይግቡለት፦ የሚያነብለት ሰው፣ የተቀዳ መጽሐፍ፣ ጽሑፍን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ስልክ ወይም ኮምፒውተር። ፈተናውን በቃል ይመልስ ወይም ሌላ ሰው ይጻፍለት፤ መጻፍ ካለበት ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው፣ በብሪታንያ የተለመደው 25 በመቶ ነው። ይህ ማድላት የሚመስላቸው አሉ። የጂኦግራፊ ፈተና ጂኦግራፊን እንዲለካ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ንባቡን በቀጥታና በሥርዓት ማስተማር ነው፤ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ለዚህ ልጅ ከየት እንደሚጀመር ዲክቴሽኑ ነግሮናል፦ ሁለት ፊደል ሆነው አንድ ድምፅ የሚሰጡት ጥንዶች።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያለ ፊደል ናቸው። መምህሩ ቃል ይጠራል፤ ልጁ «ሽ» መጀመሪያ ላይ፣ መሀል ወይስ መጨረሻ ላይ እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ ካርዱ ይወጣል። ኤስ እና ኤች በአንድ ካርድ ላይ፣ አንድ ላይ መታተም አለባቸው። በሁለት ካርድ ከተሰጡት ለየብቻ ያነባቸውና የድሮው ሕጉ ይጠናከራል፤ ትንሽ የምትመስል ይህች ስህተት ሳምንታት ታባክናለች።

አሁን ቁጥር ወዳዱን ልጅ በቁጥር እንያዘው። ሺሊንግ የሚለው ቃል ተጠርቶ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጠጠር ያኑር፦ ሽ፣ ኢ፣ ል፣ ኢ፣ ንግ። አምስት ጠጠር። ከጠጠሮቹ በታች ቃሉ ይጻፍና ፊደላቱ ይቆጠሩ፤ ስምንት ናቸው። ሦስቱ ከየት መጡ? ልጁ ራሱ ይፈልጋቸው፤ አንዱ በኤስና በኤች ጥምር፣ አንዱ በተደጋገመው ኤል፣ አንዱ በመጨረሻው ጥንድ ውስጥ ተደብቀዋል። ሒሳቡ ተዘጋ። 749ን በ867 የሚያባዛ ልጅ ሂሳቡ ያልተወራረደ ነገር ፊቱ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ የፊደል አጻጻፍ የማስታወስ ፈተና መሆኑ ቀርቶ የሚፈታ ጥያቄ ሆነለት። ጥንካሬን መጠቀም ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ከዚያ ከስምንት እስከ አሥር ቃል ያነባል፤ ግማሾቹ በ«ሽ»፣ ግማሾቹ በ«ስ» ብቻ፣ ተቀላቅለው። በመጨረሻ አምስት ቃል ይጻፍ፣ ከመጻፉ በፊት ጠጠር እያስቀመጠ። በዚያው ሳምንት ሲ እና ኤች ያሉበትን ጥንድ አታምጡ። ዊዝአውትን ሲጽፍ እነዚህን ጥንዶች እንደሚያምታታ አይተናል፤ አንዱ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይፈርሳሉ። አዲስ ጥንድ የሚጀመረው ያለፈውን በሦስት ተከታታይ ቀናት ከአሥር ዘጠኝ ሲያገኝ ነው።

ለእነዚህ 45 ደቂቃዎች ሰዓት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚነካው ልጁ የሚያበራበት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከሒሳብ፣ ከስፖርት ወይም ከሥዕል ይወጣና ንባብ ይቀመጣል። ይህ መደረግ የለበትም። ቀኑን ሙሉ ከሚታገለው ነገር ጋር እንዲውል ተፈርዶበት፣ የሚያርፍባት አንዲት ሰዓት ተወስዳበት፣ ለንባብ ልቡ እንዲከፈት መጠበቅ አይቻልም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ያው ስድስት ቃል በድጋሚ ይጻፍ። ከመጀመሪያው ወረቀት አጠገብ ይቀመጥና ልጁ ራሱ ይቁጠር። ያኔ ከ41 27 ነበር። ኤስና ኤች የሚጣመሩባቸው ሦስቱ ቦታዎች ብቻ ቢሞሉ 30 ይሆናል፤ በቃል ደረጃ ደግሞ ኢንግሊሽ ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆኖ ይወጣል።